አልቦና ሠላሳ

ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነጥብ ሊለምን የመጣ መስሎኝ ፊቴን አስቀድሜ ኮስተር አደረግሁ። በኩዊዝ ማግስት ደጅ የሚጠና ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለዚያ ነውና። እርሱ ግን ሰላምታ ሰጥቶኝ ከደብተሩ መሃል አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ አቀበለኝ። «መምህር፣ ስለ ነጥቡ አይደለም የመጣሁት፤ ኮምፒዩተሩ የጻፈልኝን ነገር እንዲያዩልኝ ብዬ ነው» አለ። ወረቀቱ ላይ ከስክሪኑ በእጁ የገለበጠው ቃል ነበረበት፦ «አንድ ቁጥር ለ30 ተካፍሎ ቀሪው 30 ሊሆን አይችልም። የቀሪን ትርጉም መልሰህ አንብብ።»

ያንን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ወደፊት ይሳሳታል ብዬ ለገመትሁት አንድ ስም የለሽ ተማሪ ያዘጋጀሁት ተግሣጽ ነበር። ደርሶ ያረፈው ግን ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ዘጌ ውስጥ አብነት ትምህርት ቤት የቆየ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ በቃሉ የሚያወርድ ዲያቆን ላይ ሆነ። የኩዊዙ ጥያቄ ደግሞ ስለ ባሕረ ሐሳብ ነበር። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል፤ ወረቀቱ ግን እስካሁን ከጠረጴዛዬ መሳቢያ አልወጣም። በኮምፒዩተር ሒሳብ ስለማስተማርና ስለመፈተን የማስበው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እርሱ ይመለሳል።

## ቀይ እስክሪብቶ

ወደ ኮምፒዩተሩ የገፋኝ ትጋት ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ድካም ነው። በዚያ ሴሚስተር ሦስት ሴክሽን፣ በድምሩ ከ130 በላይ ተማሪ ነበረኝ። በየሳምንቱ አምስት ጥያቄ ያለው አሳይመንት ብሰጥ ከ650 በላይ መልስ በቀይ እስክሪብቶ ማረም ይጠብቀኛል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ወረቀቶች የሚያርመው መምህር ዳር ዳሩን አስተያየት ይጽፋል፣ «ምልክቷ የት ሄደች?» እያለ ይጠይቃል። መቶኛውን የሚያርመው ሰው ግን «ራይት» እና «ኤክስ» ብቻ ነው የሚያሰፍረው። ስም ከዝርዝሩ ላይ ሲጠፋ፣ ነጥብ ሲደመር ሲሳሳት፣ አንዳንዴም የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይቶ ሲያልፍ ራሴን ይዤዋለሁ።

ብዙዎቻችን ከዚህ ሸክም የምናመልጠው በምርጫ ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒዩተር ሲሰጥም የጥያቄው ዓይነት ያው የለመድነው ምርጫ ነበር። ለብዙ ሺህ ተማሪ በአንድ ቀን ለሚሰጥ ፈተና ምክንያቱ ይገባኛል። ለሒሳብ ትምህርት ግን ምርጫ ያለው ጥያቄ መንገዱን ወደ ኋላ ያስኬዳል። «ይህንን ኢንተግሬት አድርግ» ብዬ አራት አማራጭ ሳቀርብ ጎበዙ ተማሪ ኢንተግሬት አያደርግም፤ አራቱን አማራጮች አንድ በአንድ ዲፈረንሼት አድርጎ የትኛው ወደ ጥያቄው እንደሚመለስ ያያል። የኳድራቲክ እኩልታ ሥር ፈልግ ብለው አማራጮቹን እየተካ ይሞክራል። ብልሃቱን አልነቅፍም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን የፈተንሁት የጠየቅሁትን ነገር አይደለም።

ስታክ የሚባለውን መሣሪያ ሳገኝ የወደድሁት ስለዚህ ነው። ተማሪው መልሱን ራሱ ይጽፋል፣ መሣሪያው ደግሞ የተጻፈውን እንደ ሒሳብ ያነብበዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ክሪስ ሳንግዊን በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሳለ የጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ሙድል ከሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ሥርዓት ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ የሚከፈልበት ነገርም የለም። ከበስተጀርባ ሆኖ ሒሳቡን የሚሠራለት ማክሲማ የሚባል ፕሮግራም ነው። የማክሲማ ዘር የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ከተጀመረ ፕሮግራም ነው፤ በአጭሩ ዘሩ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ያልታወቀውን «ሀ» ልበለውና፣ (2ሀ + 1)³ ዲፈረንሼት ይደረግ ብዬ ጠየቅሁ እንበል። አንዱ 6(2ሀ + 1)² ብሎ ይጽፋል፣ ሌላዋ ዘርዝራ 24ሀ² + 24ሀ + 6 ትላለች። መሣሪያው አንዱን ከሌላው ቀንሶ ልዩነቱ ዜሮ መሆኑን ያያል፤ ለሁለቱም ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ሦስተኛው 3(2ሀ + 1)² ብሎ ቢጽፍ የውስጡን ዲሪቬቲቭ ማባዛት እንደረሳ አስቀድሜ ስለገመትሁ፣ «የቅንፉን ውስጥስ?» የሚል ቃል ወዲያው ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው መምህሩ አስቀድሞ በሚተክለው የውሳኔ ዛፍ ነው፦ መልሱ እንዲህ ከሆነ በዚህ ቅርንጫፍ፣ እንዲያ ከሆነ በዚያ። በቀይ እስክሪብቶ መቶኛው ወረቀት ላይ የጠፋብኝ ትዕግሥት እዚህ ለመቶ ሠላሳኛውም ተማሪ አይጎድልም።

## ጥያቄው የተወለደበት ቀን

የሞዱላር አርትሜቲክ፣ ማለትም በቀሪ የመቁጠር ስሌት፣ ምዕራፍ ሲደርስ የሁላችንም ምሳሌ ሰዓት ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ሲጨመር ሦስት ሰዓት ይሆናል እያልን ቦርዱን እንሞላለን። በዚያ ዓመት በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በጣና ሐይቅ ዳር ወደ ቤቴ ስሄድ፣ የዓመቱ በዓላትና አጽዋማት ሲታወጅ የሰማሁት ቃል በጆሮዬ ይመላለስ ነበር። ወንበሩ ይህን ያህል፣ አበቅቴው ይህን ያህል፣ መጥቅዑ ይህን ያህል። በልጅነቴ የሰማሁትን፣ ሳላስተውለው ያደግሁትን ነገር ለካ በየዓመቱ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ እያስተማርሁት ኖሬአለሁ። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስሌቱን ለማያስታውስ አንባቢ በ2018 ዓ.ም. ልሥራው። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው፤ መደብ ይሉታል። ከመደቡ አንድ ሲቀነስ ወንበር 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉት፣ 132 ተገድፎ አበቅቴ 12 ይቀራል። ወንበሩን በ19 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉት ደግሞ፣ 228 ተገድፎ መጥቅዕ 18 ይቀራል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ወንበሩ ምንም ቢሆን ድምራቸው ሠላሳን አይለቅም። አንድ መምህር ለሞዱላር አርትሜቲክ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ያመጣል?

ለስታክ ደግሞ ከዚህ የሚስማማ ጥያቄ አልነበረም። ዓመቱን ከ1990 እስከ 2030 ባለው መካከል በዕጣ እንዲያወጣ አደረግሁት። ስለዚህ አንዱ ጥያቄ 41 መልክ ያዘ፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ተማሪዎች መልስ መቀባበል ቢያምራቸው አንዱ የ1998ን፣ ሌላው የ2021ን ያሰላልና አይጠቅማቸውም። መሣሪያው እነዚህን መልኮች ተማሪ ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት አስተማሪው አንድ በአንድ እንዲያያቸውና መሞከሪያ መልስ እንዲያዘጋጅላቸው ቦታ ሰጥቷል። እኔ 2010ን፣ 2017ንና 2018ን አይቼ፣ ሦስቱም ልክ ሆነው ሳገኛቸው የቀሩትን በጅምላ ለቀቅኋቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከዚያ የውሳኔውን ዛፍ ተከልሁ። ከመደቡ አንድ መቀነስ ለረሳ ተማሪ አንድ ቅርንጫፍ፣ 11ንና 19ን ላቀያየረ ሌላ ቅርንጫፍ፣ መግደፍ ለዘነጋ ሦስተኛ። በመጨረሻም፣ መልሱን 30 ብሎ ለሚጽፍ ሰው ያንን ቃል ጻፍሁ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ስህተቱን ከወዲሁ ያየሁት፣ ወጥመዱን ቀድሜ ያጠመድሁት መስሎኝ ነበር።

## በረንዳው ላይ

ለዲያቆኑ የደረሰው ዓመት 2006 ነው። ወረቀቱን ይዤ እዚያው በልቤ አሰላሁት፦ 7506 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 1፣ ከአንድ አንድ ሲነሣ ወንበሩ ዜሮ፣ ዜሮ በማናቸውም ቢባዛ ዜሮ። ስለዚህ አበቅቴውም መጥቅዑም ዜሮ። እርሱ ግን ለአበቅቴ 0፣ ለመጥቅዕ 30 ብሎ መልሷል። «ተመልከት» አልሁት፤ «ቀሪ የሚባል ነገር ሁልጊዜ ከአካፋዩ ያንሳል፤ ትርጉሙ ነው።»

«እሱማ ነው መምህር» አለ። «ወንበር አልቦ ሲሆን አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ ሠላሳ ይባላል ብለን ነው የተማርነው። እንዲያው ላስቸግርዎትና፣ በዓለ መጥቅዕ በዚያ ዓመት በየትኛው ቀን ዋለ?»

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ በዓለ መጥቅዕ የአጽዋማቱ ስሌት የሚነሣበት ዕለት ነው፤ ቀኑም የመጥቅዑ ቁጥር ሲሆን፣ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። «ዜሮ ከ14 ያንሳል፤ ስለዚህ በጥቅምት» አልሁ፣ እንደ ተማሪ።

«በጥቅምት ስንት?»

ዝም አልሁ። በረንዳው ብረት ላይ አቧራ ተቀምጦ ነበር፤ በጣቱ «30» ብሎ ጻፈበት፣ ቀጥሎም እየቆጠረ ወረደ፦ መስከረም 30 በ2006 ሐሙስ ዋለ፣ የሐሙስ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 3፣ ሠላሳና ሦስት ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳው ሲገደፍ መባጃ ሐመሩ 3፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ስድሳ ዘጠኝ ቀን ሲጨመር ፋሲካ ሚያዝያ 12። ይህን ሁሉ ሲል ከአንዲት ደቂቃ ብዙ አልበለጠም። ስልኬን አውጥቼ የዚያን ዓመት ፋሲካ ፈለግሁ። ሚያዝያ 12 ነው።

እስካሁን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ጥቅምት ዜሮ የሚባል ቀን ቢኖር የት ይውል ነበር? ከጥቅምት 1 አንድ ቀን ቀድሞ፤ ማለትም መስከረም 30። የእኔ ዜሮና የእርሱ ሠላሳ አንድ ዕለት ላይ ያርፋሉ። ለ30 ሲካፈሉ ዜሮና ሠላሳ አንድ ናቸው ብዬ በዚያው ሳምንት ቦርድ ላይ የጻፍሁት እኔው ነኝ፤ የምዕራፉ ልብ እርሱ ነው። መልሱን ለመመዘን ስነሣ ግን የራሴን ትምህርት ረስቼ፣ ከሁለቱ ስሞች አንዱን ብቻ ትክክል አድርጌ፣ ሌላውን በተግሣጽ መለስሁት። ይህንን ስነግረው ሳቀ። «እንግዲያው የእርስዎም ልክ ነው መምህር፤ ቀኑስ ያው ነው፣ ስም አጣ እንጂ» አለኝ።

እቤቴ እስክደርስ ድረስ የቆጠቆጠኝ ነጥቡ አይደለም፤ ነጥብ ይስተካከላል። በቀይ እስክሪብቶ ባርመው ኖሮ ያንን 30 ልክ አልለው ይሆናል፤ መቶኛ ወረቀት ከሆነማ እርግጠኛ ነኝ አልለውም። ግን ወረቀቱ ላይ ከመልሱ በላይ ያለውን ሥራ አየው ነበር፤ «ወንበር አልቦ» የሚለው የእጅ ጽሑፍ ዓይኔን ይይዘው ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ፍርዱን የጻፍሁት ማንም ሳይናገር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማታ ነው። መሣሪያው ቃሌን በታማኝነት አደረሰልኝ፤ ዓይኔን ግን ሊያደርስልኝ አይችልም።

## ዝም ያሉት

በዚያው ማታ መብራት ጠፋ። ከዚህችው ሐይቅ ውኃ እየተቀዳ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ በበለስ ተሠርቶ እያለ፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን በስልክ መብራት መሥራት የለመድነው ነገር ነውና አልደነቀኝም። አርባ አንዱንም ዓመት በወረቀት ላይ አወረድኋቸው። 2025ም እንደ 2006 ወንበሩ ዜሮ ሆነ፤ ያንን ጠብቄ ነበር። ያልጠበቅሁት 2005ና 2024 ላይ መጣ።

7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። መደቡ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ከዜሮ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ −1። እኔ የጻፍሁት ትእዛዝ ይህንኑ −1 በ11ና በ19 አባዝቶ፣ ለ30 አካፍሎ፣ አበቅቴ 19፣ መጥቅዕ 11 ብሎ አስቀምጧል። በባሕረ ሐሳቡ ሥርዓት ግን ቀሪ ሲጠፋ መደቡ 19፣ ወንበሩ 18 ይባላል፤ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ነው። እዚህ ላይ የስም ጉዳይ የለም፤ መሣሪያው ያስቀመጠው ቁጥር ፍጹም ስህተት ነው። የሚያስከፋውም 19ና 11 ተደምረው ያው 30 መሆናቸው ነው፤ በድምራቸው ላረጋግጥ ብልም አላገኘውም ነበር።

ለ19 ሲካፈሉ −1ና 18 አንድ ናቸው። በ11 ተባዝተው ለ30 ሲገደፉ ግን ይለያያሉ፤ አንዱ 19፣ ሌላው 18 ይሆናል። ሌሊቱን የደስታ ያህል ያስገረመኝ ይህ የአንዲት ቀን ልዩነት ነው። በየዓመቱ 11 ቀን ሲጨመር በ19 ዓመት 209 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 29 ይቀራል፤ ክቡ እንዲገጥም አንድ ቀን ይጎድላል። የጥንቶቹ ሊቃውንት ያንን አንድ ቀን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መጨረሻ ያስዘልሉታል፤ ከ18 ወደ 30 ሲሄድ ጭማሪው 11 መሆኑ ቀርቶ 12 ይሆናል። እኔ ሁለት መስመር ትእዛዝ ጽፌ የረገጥሁት ይህንን ዝላይ ነው።

ከዚያ በማግስቱ የተማሪዎቹን መልስ ከሙድል አወጣሁ። ሁለቱ ዓመታት ለስድስት ተማሪዎች ደርሰዋል። ሁለቱ እንደ መሣሪያው በ−1 ሠርተው ሙሉ ነጥብ አግኝተዋል። ሦስቱ ግራ ተጋብተው ባዶ ትተውታል። አንዷ ግን −1ን ስታይ ወንበር እንዲህ ሊሆን አይችልም ብላ 19 ጨምራበት 18 አድርጋ፣ አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12 ብላ መልሳለች። አብነት ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ከክፍል ትምህርቷ ብቻ ተነሥታ ሊቃውንቱ የደረሱበት ደርሳለች። ያገኘችው ነጥብ ዜሮ ነው። ወደ እኔም አልመጣችም።

ጠርቼ ጠየቅኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። «ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል ብዬ?» አለች፤ ከዚያ በላይ መልስ አልሰጠችኝም፣ እኔም ከዚያ በላይ አላስፈለገኝም።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እያልን ተማሪን መውቀስ ቀላል ነው። የቀይ እስክሪብቶውን ዘመን ሳስብ ግን እነዚሁ ተማሪዎች ዝምተኞች አልነበሩም። ወረቀት በተመለሰ ቀን ቢሮዬ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ «መምህር፣ ይቺን ሳያዩዋት አልፈዋል»፣ «መምህር፣ እዚህ ጋ እኮ ግማሽ ይሰጣል»። እኔ መድከሜን፣ መሰልቸቴን፣ መሳሳቴን ያውቁ ስለነበር ይከራከሩኝ ነበር። ያው የእኔው ስህተት በስክሪን ላይ፣ በቀይ ሳጥን ውስጥ፣ ከተጫነ ሴኮንድ ሳይሞላ ሲመጣ ግን የሰው ሥራ አይመስልም። ስድስት ተማሪ ውስጥ አንድ ስንኳ አልጠረጠረም። ዲያቆኑ የመጣው ከእኔም ከኮምፒዩተሩም የሚበልጥበት ሌላ መምህር ስላለው ነው፤ የኔታ ሠላሳ ካሉት ሠላሳ ነው።

መሣሪያውን በዚህ ብወቅሰው ግፍ ይሆናል። ትእዛዙን ካረምሁ በኋላ የሁሉንም መልስ እንደገና እንዲያርም ማድረግ የፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ተማሪው የጻፈው ተቀምጦ ስለሚቆይ፣ ያበላሸሁትን ለሁሉም በአንድ ጊዜ አስተካከልሁት። በቀይ እስክሪብቶ ዘመን የተበደሉት ስንቶቹ ሳይታወቅላቸው ተመርቀው ሄደዋል? እነርሱን እንደገና የማርምበት ቁልፍ የለኝም። በ−1 ሠርተው ሙሉ ያገኙትን ሁለቱን ግን ነጥባቸውን አልቀነስሁም፤ ጥፋቱ የትእዛዙ ነውና።

## ከዚያ ወዲህ

ትልቁ ለውጥ የአነጋገሬ ነው። ያን ሰሞን የጻፍኋቸውን አስተያየቶች ሁሉ መልሼ ሳነብ «አንብብ»፣ «ተመልከት»፣ «ረስተሃል» እያልሁ ነበር። መሣሪያው ተማሪው ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም፤ ያቺ 18 ብላ የመለሰች ልጅም «ረስተሃል» ተብላለች። አሁን «እስቲ መልሰን እንየው» እያልሁ እጽፋለሁ፣ በተቻለኝም ፍርዱን ትቼ ጥያቄ አስቀምጣለሁ። ለመጥቅዕ 0 ብሎ የሚመልስም 30 ብሎ የሚመልስም ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ 0 ላለው ግን «በዓሉ በየትኛው ቀን ይውላል?» የሚል ይከተለዋል።

በየጥያቄው ሥርም «ይህ እርማት ካልተስማማችሁ እዚህ ጻፉ» የሚል ሳጥን አድርጌአለሁ። መጀመሪያ ማንም አልጻፈበትም። ሆን ብዬ አንድ ስህተት አስገብቼ ያገኘ ሁለት ነጥብ ይጨመርለታል ካልሁ በኋላ ግን የድሮው ሰልፍ ተመለሰ፤ አሁን በር ላይ ሳይሆን ሳጥኑ ውስጥ ይሰለፋሉ። አብዛኛው ክርክር ከንቱ ነው። ይሁን።

ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ ወደ ወረቀት መልሼዋለሁ። አበቅቴና መጥቅዕ ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ ተማሪው በራሱ ቃል፣ በራሱ እጅ ይጽፍልኛል፤ ያንን በቀይ እስክሪብቶ አርማለሁ፣ ቁጥሩም ስላነሰ መቶኛው ወረቀት ላይ አልደክምም። ስልክም ሌላ ጣጣ ነው። ግማሹ ተማሪ ኩዊዙን የሚሠራው በስልኩ ነው፤ 1/2ሀ ብሎ የጻፈው «የሀ ግማሽ» ይሁን «አንድ ለሁለት ሀ» መሣሪያው እንዴት እንደተረዳው ከማረሙ በፊት መልሶ ያሳየዋል፤ ተማሪው ግን ሳያይ ያልፈዋል። ኔትወርክ ከከተማው ሲጠፋ በግቢው ውስጥ ያለው ሰርቨር በውስጥ መስመር ስለሚሠራ ኩዊዙ አይቋረጥም፤ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቡ ዘንድ ወደ ዘጌ የተሻገረው ግን ሰኞን ይጠብቃል።

ዲያቆኑ አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። አዲስ ጥያቄ ስጽፍ ከመልቀቄ በፊት ለእርሱና ለዚያች ልጅ እሰጣቸዋለሁ፤ እንዲያበላሹት። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ቡና እየጠጣን የዘንድሮውን የባሕረ ሐሳብ ጥያቄ በላፕቶፔ ከፈትሁላቸው። እርሷ 2005 እስኪደርሳት ድረስ ዓመቱን ደጋግማ አስቀየረችው፤ ደረሳት፣ 18 እና 12 አለች፣ ልክ ሆነ። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ፈገግታዋን ግን አየሁት። ከዚያ ዲያቆኑ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ። ወንበር አልቦ የሆነበትን ዓመት ፈልጎ፣ ኪቦርዱን ወደ ግዕዝ ቀይሮ፣ መጥቅዕ በሚለው ሳጥን ውስጥ «፴» ብሎ ጻፈና ቁልፉን ተጫነ።

መሣሪያው ይህ ምልክት አይታወቅም አለ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ደብተሬን አወጣሁና ጻፍሁት።